እንግዳ ይዛችሁ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ዓሳ ስትበሉ

ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ነድተው የመጡ ዘመዶች ገና ሻንጣቸውን ሳያወርዱ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ዓሳ የት እንብላ?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። ስንት ናችሁ? ልጅ አለ? ትልቅ ሰው አለ? የማይበላ ነገር ያለበት አለ? ቤቱ የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ሐይቅ ዳር ጥሩ የሚጠብስ ቤት አይጠፋም። የሚጠፋው፣ አንድ ትሪ ከበው ከተቀመጡት ሁሉ አንድም ሰው ሳይጎድልበት የሚነሱበት ማዕድ ነው። ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ስለዚያ ነው።

ያደግሁት ሐይቁ ዳር ካለው የዓሳ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል አጠገብ ነው። አባቴ በዚህ ሐይቅ ላይ ማታ መረብ እየጣለ ጠዋት እየሰበሰበ ነው አምስታችንን ያሳደገን። እኔ አሁን እዚሁ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ልብስ ስፌት ቤት አለኝ፤ ባለቤቴ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። የእሱ ወገኖች ለገብርኤል ይመጣሉ፤ አንዳንዴ ለታኅሣሥ 19፣ አንዳንዴ ለሐምሌ 19። ከዚያ ውጭ ደግሞ ለሠርግ የሚመጣ፣ ለእረፍት የሚመጣ፣ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ሊያደርስ የሚመጣ አለ። እንግዳ ይዤ ዓሳ ቤት ያልገባሁበት ወር ትንሽ ነው።

ገና አዲስ ሙሽራ ሳለሁ ስምንት ሆነን ሐይቅ ዳር ካሉት ቤቶች ወደ አንዱ ሄድን። ቅዳሜ ማታ ነው፤ ሙዚቃው ደምቋል፣ ቤቱ ሞልቷል። እንግዳ አክባሪነቴ እንዲታይልኝ ብዬ ሜኑው ላይ ያለውን የዓሳ ዓይነት በሙሉ በአንድ ትንፋሽ አዘዝኩ፦ ጥብስ፣ ኮተሌት፣ ጉላሽ፣ ዱለት፣ ለብለብ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ሁሉም በአንድ ትልቅ ትሪ ተደርድሮ መጣ። ሲያዩት ያምር ነበር። ግን ጉላሹ ወደ ጥብሱ ፈሰሰ፣ ኮተሌቱ መረቅ ጠጥቶ ላላ፣ ዱለቱ ሳይነካ በረደ። የባለቤቴ አክስት፣ እትዬ የምንላቸው፣ ጥግ ላይ ተቀምጠው ዳቦ በዳጣ ያጠቅሳሉ። «ይብሉ እንጂ እትዬ» ብላቸው «ጠግቤያለሁ ልጄ» አሉኝ። ቤት ገብተን ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ቀስ ብለው ሻይና ዳቦ ሲጠይቁኝ ነው ነገሩ የገባኝ። ጉላሹና ዱለቱ የአምባዛ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ቅርፊት የሌለው ዓሳ አይበሉም። የሚበሉት ጥብስ የተቀመጠው ከትሪው ማዶ፣ እጃቸው ከማይደርስበት ነው፤ የጉላሹ መረቅም ነክቶታል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ ጠይቁ። ዓሳው ምን ዓሳ እንደሆነ ካላወቃችሁ ግን መጠየቁ ብቻ አይበቃም። ሐዋሳ ላይ በብዛት ገበታ ላይ የሚቀርበው ቆሮሶ ነው። ጎኑ ሰፋ ያለ፣ ቅርፊት ያለው፣ ሥጋው ነጭ ነው። ዋናው በጎነቱ በሥጋው ውስጥ የተበተነ ቀጭን አጥንት የሌለው መሆኑ ነው፤ አጥንቱ አብዛኛው ትልልቅ ስለሆነ በጣት ይለቀማል። አምባዛ ሪዛሙ ነው፤ ቆዳው ልሙጥ፣ ሥጋው ቅባት ያለው። አጥንቱ ትንሽ ስለሆነ ለጉላሽና ለዱለት የሚመርጡት ብዙ ናቸው። ነገር ግን በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ ፍጥረት እንዳይበላ ስለተጻፈ ብዙ ምእመናን አይነኩትም። ሦስተኛው ቢልጫ ነው። ጣዕሙን የሚወዱለት አሉ፤ በሥጋው መሃል ግን እንደ ሹካ የተሰነጠቀ ቀጭን አጥንት ሞልቶበታል። ልጅ ባለበት ትሪ ላይ ቢልጫ አይታዘዝም። በዚህ ላይ አልደራደርም።

አስተናጋጁን «ጉላሹ የምን ዓሳ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። «ዓሳ ነው» ብሎ ከመለሰላችሁ ወጥ ቤት ገብቶ ጠይቆ እንዲመጣ አድርጉ። የጾምንም ነገር አስቀድማችሁ አንሱ፤ ዓሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው በየቤቱ ይለያያል፣ ረቡዕና ዓርብ በልቶ በዐቢይ ጾም የሚተውም አለ። እንግዳን ትሪ ፊት አስቀምጦ «ይህማ ይበላል እኮ» እያሉ መከራከር ክፉ ልማድ ነው። የማይበላ ካለ በየአይነቱ ለብቻ እዘዙለትና ከእናንተው ጋር ይቀመጥ።

አሁን ሰዓቱን። ሐይቁን በደንብ ማየት የሚፈልግ እንግዳ ካላችሁ ጠዋት አሞራ ገደል ውሰዱት። መግቢያ ከፍላችሁ ትገባላችሁ። ጀልባዎቹ ማታ የተጣለውን መረብ ይዘው ዳር ሲደርሱ፣ ልጆቹ መሬት ላይ ተቀምጠው ቅርፊት ሲፍቁና ፊሌቶ ሲያወጡ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከሰው እኩል ቆመው ቁራጭ ሲጠብቁ ታያላችሁ። ልጆች በአባ ኮዳው ቁመት ይገረማሉ፤ ግን ለፎቶ ብላችሁ አታስጠጓቸው፣ መንቆሩ ትልቅ ነው። ዛፉ ላይ ጉሬዛና ጦጣ አለ። ጉሬዛው ለምግባችሁ ግድ የለውም፣ ጦጣው ግን ዳቦ ከእጅ ላይ ይወስዳል። እዚያ ዓሳውን ራሳችሁ መርጣችሁ ማስጠበስ ትችላላችሁ። ስትመርጡ ዓይኑን እዩ፤ ጥርት ያለና ወጣ ያለ ይሁን። ከጆሮው በኩል ያለውን ክዳን ገልጣችሁ ውስጡ ቀይ መሆኑን ተመልከቱ። ሥጋውን በጣት ጫን ስታደርጉት ተመልሶ ከሞላ ትኩስ ነው፤ ጣታችሁ ያረፈበት ጎድጉዶ ከቀረ ተዉት። መጥበሻው ውስጥ ያለውን ዘይትም አንድ ጊዜ እዩት፤ እንደ ቡና የጠቆረ ከሆነ ወደሚቀጥለው ማለፍ ነው።

ጥሬ ዓሳ በዳጣ የሚባል ነገር አለ። ጎብኚዎች ይደፋፈሩበታል፣ ፎቶ ይነሱበታል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ዓሳ ሲይዝ ኖሮ እኛን አንድም ቀን ጥሬ አላበላንም። የዓሳ ሥጋ ትል ሊኖርበት ይችላል፤ ትሉን የሚገድለው እሳት ነው፣ ሎሚና ሚጥሚጣ አይገድሉትም። ለልጅና ለነፍሰ ጡር በፍጹም አትስጡ።

ድምቀት የሚፈልግ ሰው ካላችሁ ደግሞ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ያሉት ቤቶች ይሻላሉ። ፀሐይዋ ከሐይቁ ማዶ ስትጠልቅ ለማየት ቀድማችሁ ድረሱ። ወንበር ስትመርጡ ስፒከሩ የት እንዳለ አይታችሁ ተቀመጡ፤ ትልልቅ ሰዎች በሙዚቃ መሃል መጯጯህ ሲያቅታቸው ዝም ይላሉ፣ ዝም ያለ ሰው ደግሞ አይበላም። ከመሸ በኋላ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ይቀዘቅዛል፣ ትንኝም ይኖራል። ጋቢ ወይም ነጠላ መኪና ውስጥ ይኑራችሁ። በገብርኤል ሰሞን ሳትደውሉ ከሄዳችሁ ቆማችሁ ትቀራላችሁ።

ከተቀመጣችሁ በኋላ መጀመሪያ የምትወስኑት የትሪውን ቁጥር ነው። አንድ ትሪ ለአራት፣ ቢበዛ ለአምስት ሰው ነው። ስምንት ከሆናችሁ ሁለት ትሪ እዘዙ፤ አስተናጋጁ «አንድ ትልቅ አለን» ቢላችሁም። ትልቁ ትሪ ለዓይን ያምራል እንጂ ዳር የተቀመጠ ሰው ከመሃሉ ለመድረስ መነሳት አለበት፤ አክብሮት ያለው ሰው ደግሞ ተነስቶ አይበላም። በእያንዳንዱ ትሪ ላይ አንድ የሚያስተናግድ የቤት ሰው ይቀመጥ። የዚያ ሰው ሥራ መብላት ብቻ አይደለም። ማን እጁን እንደማይዘረጋ ያያል፣ ያለቀውን ያስጨምራል፣ የራቀውን ያቀርባል። ትልልቆቹን በጥብሱ ፊት፣ ልጆቹን ከእናቶቻቸው ጎን አስቀምጧቸው።

ትእዛዙን በዙር አድርጉት። ለአምስት ሰው መጀመሪያ ዱለትና ትንሽ የዓሳ ሾርባ አዛለሁ፤ ሁለቱም ፈጥነው ይደርሳሉ። በዚያው ቅጽበት ጥብሱንም አዛለሁ፤ ሙሉ ቆሮሶ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ይፈልጋል፣ ቤቱ ሲሞላ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ዱለቱ ሲያልቅ ሁለት ቆሮሶ ይመጣል። ጉላሽ የሚፈልግ ካለ ከጥብሱ በኋላ፣ በራሱ ድስት ወይም ሳህን፣ ከእንጀራ ጋር ይቅረብ። መረቅ ያለው ነገር ጥብስ ላይ አይፈስስም፤ ይህን ለአስተናጋጁ በግልጽ ተናገሩ። «ሁሉንም አንድ ላይ ላምጣው?» ብሎ ሲጠይቃችሁ «አይ ወንድሜ፣ በየተራ ይሁንልን» በሉት። ለእሱም ይቀለዋል። ዳጣውን በትንሽ ሳህን ለብቻው አስቀምጡ፣ ሎሚም ተሰንጥቆ ይምጣ። ጥብስ ሲቀርብ ዳቦ ትኩስ ከሆነ ከእንጀራ እኔ ዳቦውን እመርጣለሁ፤ ዘይቱን ይመጥላችኋል። እና እባካችሁ ልጆች ምግብ ሳይቀርብ አቮካዶ ጁስ እንዳያዙ ከልክሏቸው። የሐዋሳ አቮካዶ ጁስ በማንኪያ የሚበላ ነው፤ እሱን የጨረሰ ልጅ ዓሳውን ነክቶ ይተወዋል። ለመጨረሻ ይሁን።

አሁን የምወደው ላይ ደረስን፦ ዓሳውን መክፈት። ሁሉም ሰው ከየአቅጣጫው ከቦጨቀው ሥጋና አጥንት ይደባለቃል፣ ከዚያ ማንም ተማምኖ አይጎርስም። አንድ ሰው ይክፈተው። አባቴ እንዳስተማረኝ እነግራችኋለሁ።

ቆሮሶው ጎንና ጎኑ በቢላ ተተልትሎ፣ ጭራው ደርቆ ይመጣል። ጣት እስኪችለው ትንሽ ጠብቁ። ጭንቅላቱን ወደ ግራችሁ፣ ሆዱን ወደ እናንተ አድርጉት። መጀመሪያ የጀርባውን ክንፍ ከጭራው በኩል በሁለት ጣት ያዙና ወደ ጭንቅላቱ ሳብ አድርጉት፤ በደንብ የተጠበሰ ከሆነ ከነሥሩ አጥንት ተያይዞ እንደ ማበጠሪያ ይወጣል። ከዚያ በጎኑ መሃል፣ ከጆሮው እስከ ጭራው በምትሄደው መስመር ላይ አውራ ጣታችሁን አስገብታችሁ የላይኛውን ሥጋ ወደ ጀርባው ግፉት። በወፍራሙ፣ ነጭ ሆኖ፣ እንፋሎት እያወጣ ይላቀቃል። ይህ አጥንት የሌለበት ነው፤ ለልጆችና ለትልልቅ ሰዎች የሚቀርበው እሱ ነው። የታችኛው፣ ወደ ሆዱ ያለው፣ የጎድን አጥንት አለበት፤ ቀጫጭን ናቸው። ጎልማሳ ይብላው፣ ለቅሞ። የላዩ ሲያልቅ ዓሳውን አትገልብጡት። ጭራውን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ አንሱት። የጀርባ አጥንቱ ሙሉውን ከጭንቅላቱ ጋር ይነሳል፣ የታቹ ሥጋ ትሪው ላይ ተዘርግቶ ይቀራል። ልጆች ይህችን ቅጽበት ይወዷታል፤ አጥንቱ እንዳለ ሲነሳ አፋቸውን ከፍተው ያያሉ።

ጭንቅላቱን ቶሎ አትጣሉ። ከዓይኑ በታች በሁለቱም በኩል የሳንቲም ያህል ሥጋ አለች፣ ጉንጩ። ከዓሳው ሁሉ እንደ እሷ የሚለሰልስ የለም። አባቴ ለእናቴ ያነሳት ነበር። እኔ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ በነበረው ታኅሣሥ እትዬ ሲመጡ ከጎናቸው ተቀምጬ ቆሮሶውን ከፈትኩና ጉንጯን በዳቦ ጠቅልዬ አጎረስኳቸው። «ይህ ደግሞ ምኑ ነው?» አሉ። ነገርኳቸው። ሁለተኛውን ጉንጭ ራሳቸው ፈልገው አወጡት።

ጉርሻን ካነሳሁ አይቀር፦ ዓሳ ስታጎርሱ በጣታችሁ ዳስሱት። ሥጋ ወጥ አይደለም፤ የምታጎርሱት ሰው አፉ ውስጥ ከገባ በኋላ አጥንት ለቅሞ ማውጣት ያፍራል፣ አፍሮም ይውጠዋል። ጉርሻው ትንሽ ይሁን፣ ከነጩ ክፍል ይሁን። አጥንት ጉሮሮ ላይ ከያዘ በላዩ ላይ ደረቅ እንጀራና ዳቦ ማስዋጥ የተለመደ ነው፣ ግን አጥንቱን ይበልጥ ሊተክለው ይችላል። ሳል ካስነሳው በኋላ ካልወጣና መዋጥ ካስቸገረ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው።

ዓሳ የማይወድ እንግዳ ካለባችሁ፣ ወይም ለሁለተኛው ቀን፣ ቡርሳሜ የሚያቀርብ ቤት ፈልጉ። የሲዳማ ምግብ ነው፤ ከእንሰት የሚገኘውን ዋሳ በደንብ አብስለው በቅቤ ያሹትና በሸክላ ሻፌታ ያቀርቡታል። በፍቼ ጫምባላላ፣ በዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. በተመዘገበው የሲዳማ አዲስ ዓመት፣ ቤተሰብና ጎረቤት ሻፌታውን ከበው ነው የሚበሉት። ቅቤው ብዙ ስለሆነ ለአራት ሰው አንድ ሻፌታ ይበቃል፣ እርጎ ከጎኑ ይኑር። ትልቅ ሰው ሳይጀምር እጃችሁን አትስደዱ።

ሒሳቡ ላይ ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ ቫትና የአገልግሎት ክፍያን ይጨምር እንደሆነ ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ። 400 ብር የተጻፈ ምግብ 10 በመቶ አገልግሎት ሲታከልበት 440፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲመጣ 506 ብር ይሆናል። ስምንት ሰው ሲበላ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በአሞራ ገደል ደግሞ የማስጠበሻውና የዓሳው ዋጋ አንድ ላይ ይሁን ለየብቻ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሁለተኛ፣ የምትጋብዙት እናንተ ከሆናችሁ ሒሳቡ ጠረጴዛ ላይ እንዳይመጣ አድርጉ። እጅ ልታጠቡ እንደምትነሱ ሆናችሁ ሄዳችሁ ክፈሉ። ትሪው ላይ የተደረገው መከባበር ሁሉ ደረሰኝ እየተጓተቱ በመለማመጥ ሲያልቅ ደስ አይለኝም። ለአስተናጋጁና ዓሳውን ላጸዳው ልጅ ጉርሻ አትርሱ፤ ያ ልጅ ከንጋት ጀምሮ ውኃ ውስጥ ነው ያለው።

እጃችሁን በሳሙና ብቻ ብትታጠቡ ሽታው አይለቅም። የተረፈውን ሎሚ በመዳፋችሁ አሹት፣ ጥፍራችሁም ሥር አድርሱት፣ ከዚያ በሳሙና ታጠቡ። ከዚያ ቡና። የሲዳማ ቡና አገር ላይ ሆናችሁ ሳትጠጡ አትነሱ።

ወደ አዲስ አበባ ዓሳ ይዞ መመለስ የሚፈልግ አይጠፋም። በሚሄዱበት ቀን ጠዋት ይግዙ፣ የትናንት አይሁን። ፊሌቶ ከሆነ በላስቲክ በትንሽ በትንሹ ተቋጥሮ በረዶ ባለበት ሳጥን ውስጥ ይግባ፤ በመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ሙቀት የመታው ዓሳ መንገድ ላይ ይበላሻል። በረዶ ካላገኙ አይውሰዱ፣ ሌላ ጊዜ መጥተው ይብሉ። እኔ ወደ ደብረ ብርሃን ሰው ሲሄድ ለእትዬ የምልከው ቆሮሶ ብቻ ነው። ሆዱ ወጥቶ፣ ቅርፊቱ ተፍቆ፣ ጭንቅላቱ ግን እንዳለ ይሆናል። ጭንቅላቱን ቆርጬ የላክሁ ጊዜ ደውለው ጠይቀውኛል።